ጥልቀት፦ እስከ ጉልበት

ጎረቤት ደወለች ሰኞ በማለዳ፦
«ጋራዥ ይቆፍራል የነዚያ ቤት እንግዳ።
ልኩ የመቃብር ነው፤ ባይኔ በብረቱ
አይቻለሁ፤ ጻፈው፤ ይኸውልህ ቤቱ።»

ብራምፕተን፣ የካቲት። በረዶው ጠቁሮ፣
ጨው ልሶ፣ ጨው ጠግቦ፣ ከመንገድ ዳር አድሮ።
እኔ የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ተቆጣጣሪ፣
ሜትር የታጠቅሁኝ፣ በቅጽ አስፈራሪ።

መዝጊያው እያንቋረረ ሽቅብ ተጠቀለለ፤
መኪና አልነበረም፤ ሰው ግን ውስጡ አለ።
በክረምት ጎማና በሩዝ ጆንያ መካከል፣
ሲሚንቶው ተፈልጦ በሁለት ክንድ ያህል፣
ሽማግሌ ተቀምጠው፣ ከጭን በታች ጠልቀው፣
የልጃቸውን ካፖርት ከሹራብ ላይ ደርበው።
ቀና ብለው አዩኝ፤ አልተደናገጡም፤
መወርወሪያቸውን አላስቀመጡም።

ከግራ ወደ ቀኝ። ቷ።
ከቀኝ ወደ ግራ። ቷ።

ምራታቸው ስዋሩፓ፣ የሌሊት ነርስ፣
አንድ ጫማ አውልቃ፣ ሁለተኛው ላይ ሳትደርስ፣
ብቅ አለች፦ «ኮማራያ ናቸው፤ የባሌ አባት፤
ከቴላንጋና መጡ በመስከረም ወራት።
ቴሌቪዥን ገዛን፤ ጀርባቸውን ሰጡት።
መናፈሻ ወሰድናቸው፤ ዛፎቹን እየዳበሱ
‹ይሄኛው ለምሰሶ ይሆናል› ብለው ተመለሱ።
በጥር መዶሻ ገዙ።»

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩ።
እንጨቱን በመዳፍ ቸብ አድርገው፦ «ማግጋም።»
«መሸመኛ ማለት ነው፣ በኛ ቋንቋ» አለች።
እኔ ግን ማግ ሰማሁ።
ዝምድና እንደሌላቸው አውቃለሁ፤
ጆሮ ግን የራሱን ድር ዘርግቶ ነው የሚዞረው፤
የተወረወረለትን ሁሉ ያስገባል።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጥለቱ ከሸማው በፊት
ክሩ ላይ አለ፤ ቋጥረው፣ ነክረው፣ ፈትተው፣ ደግሞ ቋጥረው፤
የታሰረው ነጭ፣ ያመለጠው ቀይ።
የቀረው ሥራ የተቀጣጠሩትን ማገናኘት ነው።
ብርዱ ክሩን ይበጥስባቸዋል፤
የሩዝ ሙቅ ይቀቡታል፣ እንደ በሽተኛ።
ደግሞም ልክ በልኩ አይገጥምም፤ የፀጉር ያህል
ጠርዙ ይዋልላል፣
ርጥብ አስፋልት ላይ እንደ ወደቀ መብራት።
«ስሕተት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።
ምራታቸው ስትነግራቸው ሳቁ፦
«አርፍዶ ነው እንጂ አልቀረም።»

አባቴ እንዲህ ነበር።
እግሩ አፈር ውስጥ፣ ዓይኑ ጥበብ ላይ።
የሰፈር ልጆች በአጥር ቀዳዳ
«ቁጢት በጣሽ!» ብለው ሲሮጡ
አብሬ ሮጫለሁ፤
ከሁሉም የኔ ድምፅ ይጎላ ነበር።
ትምህርት ቤት ቅጽ ሲያድሉን፣ «የአባት ሥራ» ከሚለው ፊት
«ነጋዴ» ብዬ ሞልቻለሁ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ።
(ይህን ለስዋሩፓ አልነገርኳትም።)

ደንብ ደንብ ነውና መለካት አለብኝ፤
ኮማራያ ተነሥተው ቦታ ለቀቁልኝ።
ልወርድ እግሬን ስሰድ ግን ጮኹ በቁጣ፤
ትርጉም አላሻኝም። ጫማዬን ነው፤ ይውጣ።
አወለቅሁ። ካልሲዬ ቀዳዳ ነበረው፤ አዩት።
ወረድኩ። ተቀመጥኩ። ወደ ታች ሳልመለከት
መርገጫውን አገኘው እግሬ፣ ማንም ሳያሳየው፤
ግራውን ተጫንኩት፤ ድሩ አፉን ከፈተው።

ቅጹ ላይ «የጉድጓዱ ዓይነት» ከሚለው ግርጌ
አራት ሣጥን አለ፦ የመዋኛ፣ የፍሳሽ፣ የውኃ፣ ሌላ።
«ሌላ»ን ምልክት አደረግሁበት፤ «ይገለጽ» ይላል ከጎኑ።
«የሸማኔ» ብዬ ጻፍኩ።
በአማርኛ። ለአለቃዬ ኋላ እተረጉምለታለሁ።

ከሥሩ የታተመው እንደ ታተመ ነው፦
በሠላሳ ቀን ውስጥ ፕላን ይቅረብ፤
አለዚያ ይደፈን።
ስዋሩፓ አነበበች፤ ግንባሯን በመዳፏ ያዘች፤
«ፕላኑን ማን ይነድፋል? የትኛው መሐንዲስ
ልኩን ያውቀዋል?» አለች።

ሜትሬን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።
ልኩ ከጉልበት መታጠፊያ እስከ ተረከዝ ነው፤
ለመርገጫው አንድ መዳፍ ይጨመርበታል።
እርሳስ ጠየቅኋት።